የክርስትና ስሟን ማን ጠራው?

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባለታሪኳ የአክስቴ ልጅ መቅደላዊት ናት። ይህን ስጽፍላችሁ አጠገቤ ተቀምጣ የሳትኩትን ታርምልኛለች።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ቦታው ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሰፈራቸው ወደ ፈረንሳይ የሚያወርደው የባሕር ዛፉ አቋራጭ። ጊዜው ያለፈው ዓመት ፍልሰታ።

መቅዲ ፈሪ ናት። እዚህ ላይ ራሷም ስቃ ተስማምታለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ መብራት አጥፍታ ተኝታ አታውቅም። እናቷ፣ አክስቴ የማርያምወርቅ፣ "ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የኔዋ ግን ለእኔም አልሆነችኝ" እያሉ ያሾፉባት ነበር።

ፍርሃቱን የተከሉባት የክርስትና እናቷ ናቸው።

"የማታዪው ሰው በክርስትና ስምሽ ከጠራሽ አቤት እንዳትዪ። አቤት ካልሽ ይወስድሻል።"

እንዲህ እያሉ አሳደጓት። ያንን ስም የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው፣ እናቷና የነፍስ አባቷ ብቻ ነበሩ። የክርስትና እናቷ ሞተዋል።

በዚያ ጾም አክስቴ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ሐኪም ያዘዘላቸው መድኃኒት ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ነው። እሳቸው ግን "የማርያምን ጠበል ሳልቀምስ እህል በአፌ አይዞርም" ብለው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልጠጡም። የእኛ ቤት ሰው አንዴ ካለ አለ ነው።

መቅዲ በሩን ከውጭ ቆለፈች። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረች። ልትወጣ ስትል እናቷ አንድ ነገር ብለዋት ነበር።

"ስትፈሪ ጌታን ጥሪው። ከሚጠራሽ ሁሉ እሱ ይበልጣል።"

በታክሲ ወጣች። ቅዳሴው ዘግይቶ አለቀ። ቢጫ ጄሪካኗን ሞልታ ስትመለስ ጉሙ ወርዷል፤ አንድም ታክሲ የለም። እናቷን በባዶ ሆዳቸው ስታስባቸው መጠበቅ አልቻለችም። አቋራጩን ይዛ በእግሯ መውረድ ጀመረች።

መጀመሪያ ልብ ያለችው ዝምታውን ነው።

እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች የሉም። ወፍ የለም። ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ መሬት ሲያርፍ አይሰማም...

ከዚያ ዱካውን አየች።

ጭቃው ላይ ትኩስ የጫማ ዱካ ወደ ታች ይወርዳል። የግራው ሶል ላይ ሊስትሮ የሰፋው የጎማ ቁራጭ ጎልቶ ይታያል።

የራሷ ጫማ ነው።

በዚህ መንገድ ግን ያን ቀን ገና መውረዷ ነበር።

እግሯን አንስታ ዱካው ላይ አሳረፈችው... ልክክ አለ። ውሃው ገና ወደ ውስጥ እየሰረገ ነው። ከፊቷ የምትሄደው ሩቅ አልደረሰችም።

መመለስ ፈለገች። ከተመለሰች ግን እናቷ መድኃኒቱን ሳይወስዱ ይመሻል።

"አመተ ማርያም..."

ከጉሙ ውስጥ ነው። የደከመ የሴት ድምፅ።

የክርስትና ስሟ ነበር።

መቅዲ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"አመተ ማርያም... ልጄ..."

የእናቷን ድምፅ ይመስላል። እናቷ ግን ታች፣ በተቆለፈ ቤት ውስጥ፣ ተነስተው መቆም እንኳ የማይችሉ ሰው ናቸው። ታዲያ ማነው? የክርስትና እናቷ ማስጠንቀቂያ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ዝም ብትል ይሻላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ዝም ማለት፣ መደበቅ፣ መብራት ማብራት። ያን ጊዜ ራሷ ሰለቸቻት።

"አመተ ማርያም!"

አማተበች።

"ጌታ ሆይ፣ እንደፈራሁ ነኝ... ግን ያንተ ነኝ" አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰች።

"አቤት!"

ማንም አልመጣም። የባሕር ዛፉ ጠብታ ብቻ ድንገት መሰማት ጀመረ። አንዲት ወፍ ጮኸች። መቅዲ ጄሪካኗን አቅፋ እስከ አስፋልቱ ሮጠች።

ቤት ስትደርስ በሩ እንደተቆለፈ ነው።

ከፍታ ገባች። ከደፉ ጀምሮ እስከ አልጋው ድረስ የጭቃ ዱካ አለ። ግራው ላይ የጎማው ቁራጭ አለ። የሚገባ እንጂ የሚወጣ ዱካ የለም።

እናቷ አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ኩባያው ወለሉ ላይ ተደፍቷል፤ የተደፋበት ቦታ ግን ደረቅ ነው።

"እማዬ... ማን ገባ?"

"አንቺ ነሻ" አሏት። "ጄሪካን ይዘሽ ገባሽ። ቀድተሽ ሰጠሽኝ፤ ጠጪ አልሽኝ።"

"ጠጣሽ?"

"ከንፈሬ ላይ አድርሼው ነበር። አማትቢልኝ ስልሽ ዝም። በክርስትና ስምሽ ጠራሁሽ... ዝም። ደግሜ ጠራሁሽ... ዝም። ልጄ ስጠራት አቤት ሳትል ቀርታ አታውቅም። ሦስተኛውን ስጠራ ከተራራው በኩል መለስሽልኝ። ያን ጊዜ ኩባያውን ወረወርኩት። ቀና ስል የለችም።"

"ባልመልስልሽስ ኖሮ?"

አክስቴ ወለሉ ላይ ወደተደፋው ኩባያ አዩ።

"ጠምቶኝ ነበር" አሉ።

መቅዲ አማትባ የራሷን ጠበል ቀዳች። እናቷ ጠጡ፤ እህል ቀመሱ፤ መድኃኒታቸውን ወሰዱ። ወለሉን ወለወለችው። ስትተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራቱን በገዛ እጇ አጠፋች። እንቅልፍ ወሰዳት።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ደጁ ጭቃ ላይ ሁለት የጫማ ዱካ አገኘች፤ ግራው ላይ ያው የጎማ ቁራጭ አለ። ጎን ለጎን ሆነው ወደ በሩ ዞረዋል። የመጡበት የለም፤ የሄዱበትም የለም። ከደፉ አላለፉም።

ጫማዋ አልጋዋ ሥር ነው። ግቢው በሙሉ ውሃ አቁሯል...

ዱካዎቹ ውስጥ ግን ጠብታ ውሃ አልነበረም።