የግራ ትከሻው

መጀመሪያ ያያት በስፌት ቤቱ መስታወት ውስጥ ነው። እሷ ከኋላው ቆማ፣ እስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ የኮቱን ጀርባ ትሰበስብ ነበር። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ፈገግ ሲልላት አንድ እስፒል ከአፏ ወደቀ።

«እስፒሉስ ይውደቅ፤ አንቺ ብቻ እንዳትወድቂ» አላት።

ድምፁን የማያውቀው አልነበረም። በየሠርጉና በየምረቃው መድረክ የሚመራ አስተዋዋቂ ነው፤ የስፌት ቤቱ ሠራተኞች «መረዋ» ይሉታል። በዚያ ድምፅ ስሟን ሲጠራ ማን ይችለዋል?

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፍቅር አይሉት ጎርፍ። ጠዋት ይደውላል፣ ምሳ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ማታ ሸኝቷት ገና በሩን ሳትዘጋ እንደገና ይደውላል። «ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት አንቺን ነው» ይላታል። ብዙም ሳይቆይ እንጋባ አለ። እሷም ልቧ ጠፍቶ ስለነበር ሳታቅማማ እሺ አለች፤ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት አክስቷ ናት፤ ያሳደገቻትም እሷው። ይህች አክስት የማትደራደርበት አንድ ሕግ አላት፤ የደንበኛ አካል አይነቀፍም። ቦርጩ ቢገፋም፣ አንድ እጁ ቢረዝምም ጥፋቱ የልብሱ ነው። «ኮቱ ነው እንጂ እርስዎማ ምን ወጣልዎት!» ይባልና ልብሱ ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ልጅቷም የመረዋ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል ልኩን በወሰደች ዕለት አይታ፣ ትንፍሽ ሳትል ገበሩ ውስጥ ስስ ስፖንጅ ከታ ሰፋችለት። ለብሶት ሲቆም ትከሻው እኩል ሆነ፤ አማረበትም።

ጥፋቷ የሥራውን ሕግ ይዛ ፍቅር ውስጥ መግባቷ ነበር። ራሱ አርፍዶ መጥቶ ሲቆጣት «ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» ትላለች። ጓደኞቿን «አይመጥኑሽም» ሲላት አንድ በአንድ ራቀቻቸው። ስለ ውሎዋ ማውራት ስትጀምር ስልኩን ሲነካካ፣ ወሬዬ ቢሰለቸው ነው ብላ ታሳጥረዋለች። እሱ እንደሆነ ቆሞ ልኩን ማስወሰድ ብቻ ነው፤ የምትጠብበውም የምትሰፋውም እሷ ሆነች።

«አንቺ ሚጡ፣ ሳቅሽ የት ገባ?» አለቻት አክስቷ አንድ ቀን።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አክስቴ።»

«ሥራማ ድሮስ መች ጠፍቶ ያውቃል!»

የሠርጉ ሙሉ ልብስ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሞከርበት ቀን መረዋ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ጨዋታው ደራ። አንደኛው የኮቱን ትከሻ እየዳበሰ፣ «ኧረ ለእኔም እንዲህ ያለ ትከሻ ሥሪልኝ!» አላት።

ባሌ ሊሆን ነው፣ ከእንግዲህ ደንበኛ አይደለም ብላ አሰበችና፣ «ምን ችግር አለው! የሱም እኮ ግራው ዝቅ ስለሚል ስፖንጅ ከትቼበት ነው» አለች እየሳቀች።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው መረዋ ነበር። ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ እሷ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ጓደኞቹ እንደወጡ ኮቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ለቀቀው።

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ለጨዋታ ነው እኮ። የብዙ ሰው ትከሻ እንደዚህ ነው...»

«ትከሻዬ ምንም አልሆነም። የማይረባው እጅሽ ነው።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። በዚያ ሁሉም በሚወድለት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ያለ እኔ ምን እንደሆንሽ ቁጭ ብለሽ አስቢበት» አላትና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም። መንገድ ላይ ስታገኘው ግድግዳ እንዳየ ሰው አልፏት ሄደ። እህል አልወርድ አላት፤ የሰው ኮሌታ በካውያ አቃጠለች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» እያለች መልእክት ብትልክ ብትልክ መልስ የለም።

አንድ ከሰዓት የመረዋን ልክ የቆረጠችበትን ወረቀት አውጥታ ዘረጋችና ሜትሯን አስጠግታ እንደገና ለካች። ግራው ዝቅ ይላል። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። እንዲያም ሆኖ ከሜትሩ ይልቅ እሱን አመነች። እጄ ቢበላሽ ነው አለች።

የመረዋ ታላቅ እህት የደረሰችው ይሄኔ ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ ለሠርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ የልጅቷን ያበጠ ዓይን አየች።

«ተኳረፋችሁ?»

«አጥፍቼ ነው፣ እትዬ» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

ነርሷ ቀሚሱን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይህ ነው ብዬ የወንድሜን ሕመም ልሰይም አልችልም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። እሱ ደግሞ ሐኪም ፊት አይቀርብም። ግን ናርሲስታዊ የስብዕና መታወክ ያለባቸውን ሰዎች ስንከባከብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።»

«ራሱን አብዝቶ ይወዳል ማለት ነው?»

«ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ራሱን ቢወድማ ኖሮ አብሯችሁ ከልቡ ይስቅ ነበር። ልጆች ሳለን አባታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ግጥም ያስብለው ነበር። ከተጨበጨበለት ‹ልጄ!› ነው። አንዲት ስንኝ ከሳተ ግን ሳምንቱን ሙሉ ዞር ብሎ አያየውም፤ ቤት ውስጥ እንደሌለ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ከዚያ ጠረጴዛ አልወረደም። ከአንቺም የሚፈልገው ጭብጨባ ነው።»

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ለቆመው ሕፃን አለቀሰች።

«ታዲያ አጥብቄ ብወደው አይድንም?»

«ራሱ ፈልጎ ከታከመ፣ በብዙ ትግል ይሻሻላል። ሲሻሻሉ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ግን አንቺ አይደለሽም። እሱ ወንድሜ ነው፣ አንጀቴን ይበላዋል፤ ቢሆንም ለአንቺ መዋሸት አልችልም።»

መረዋ ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በጠራራ ፀሐይ መጣ። አበባ ታቅፏል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ተንበረከከ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

የስፌት መኪናዎቹ ቀጥ አሉ። የልጅቷ ልብ ከዳት፤ እጆቿ ሳታዛቸው ወደ አንገቱ ሊሄዱ ተነሡ። እንዴት ናፍቋታል! አሁን «እሺ» ብትል ያ ሁሉ ዝምታ ያበቃል። ከዚያ ግን ቀጣዩን ዝምታ ስትጠብቅ ዕድሜዋን ሙሉ ትኖራለች። ይህን ታውቃለች። የመቁረጫ ጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ሺህ ጠይቂኝ!»

«በዚህ ዓለም ላይ እኔን የሚያስፈራኝ ምንድን ነው?»

አላመነታም። የሚወደውን ግጥም እንዲያነበንብ እንደተጠየቀ ሰው ፊቱ በራ።

«እኔን ማጣት ነዋ!»

አንዷ ልብስ ሰፊ አቀረቀረች። ልጅቷ አተኩራ አየችው፤ ሊጎዳት ብሎ የተናገረው አልነበረም፣ ከልቡ ነው። ሌላ መልስ ይኖራል ብሎ ጨርሶ አላሰበም።

«ሠርጉ ቀርቷል» አለችው። «እህትህን አነጋግራት። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለራስህ ብለህ ታከም።»

በዓይኑ ውስጥ የነበረው እንባ ወዲያው ደረቀ። ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ።

«ማን እንደሆንሽ ረሳሽው?» አላትና አበባውን እንደታቀፈ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ልጅቷ እንባዋን ለቀቀችው። አክስቷ ሮጣ አቀፈቻት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ! እሱ ምን ያውቃል፣ ራሱን ብቻ እያየ!»

«ኧረ ልክ ነው፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ በእንባዋ መሐል። «እውነቱን ነው የተናገረው። እኔ የምፈራው እሱን ማጣት ነበር።»

«እና አሁንስ?»

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አሁንማ አጣሁት።»