ክቡ እጀታ

ከሥራው ያስባረረችው እሷ ናት። ሌላ ማንም የለበትም።

ሁለቱም አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። እሷ ትነድፋለች፤ እሱ ንድፏን ከካርቶን እየቆረጠ ትንሽዬ ቤት ያደርገዋል። እጁ ስለማይስት «ምላጩ» ይሉታል። የተዋወቁት በጠብ ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን በሩን ሳይዘጋ ገባና ነፋሱ ወረቀቷን ሁሉ በተነው።

«ጅራትህ ውጭ ቀርቶ ነው?» አለችው።

«አዎ፣ ረጅም ነው። ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለና ተንበርክኮ ይለቅምላት ጀመር። የመጨረሻዋን ወረቀት ሲያቀብላት ሁለቱም ሳይለቋት ቆዩ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ አብረው፣ ወደ ቤት አብረው ሆነ። እሱ «እሜቴ» ይላታል፤ እሷ «ባለ ጅራቱ»። በር መዝጋትም ለመደ፤ በዘጋ ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳታል።

በስድስተኛው ወር ነገሩ ተበላሸ። ጠዋት ጠዋት ማርፈድ አመጣ። መንገድ ላይ እጁን ስትይዘው ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ይከተዋል። በሩንም እንደገና ክፍት ይተወው ጀመር።

«ሰለቸሁህ?»

«ኧረ እሜቴ!» ይልና ወደ ሥራው ይዞራል።

እሷ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። የአንድ ትልቅ ሥራ ሞዴል ሳይደርስ ሲቀር አለቃቸው በስብሰባ መሃል ምክንያቱን ጠየቁ። ምላጩ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ በር መዝጋት እንኳ ከሚታክተው ሰው ምን ይጠበቃል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ቀና ብሎ አያት። በሳምንቱ አሰናበቱት። ስልኳንም አላነሳ አለ።

የእሱ ኮምፒውተር ለእሷ ተሰጠ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ለምትነድፈው ቤት የበር እጀታ ኢንተርኔት ላይ ልትፈልግ «እ» ብላ መጻፍ ስትጀምር፣ እሱ ቀደም ሲል የፈለጋቸው ከሥር ተደረደሩ።

እጅ ጠዋት ለምን አልጨበጥ ይላል። እጅ ሳያዞሩ የሚከፈት በር። እብጠት ያለበት ጣት ቀለበት ያስገባል ወይ። እንዴት ለፍቅረኛ ይነገራል።

የቀረውንም የፍለጋ ዝርዝር ከፈተች። ቁርጥማት በሃያ ሰባት ዓመት ይይዛል? የመገጣጠሚያ ብግነት ይድናል? መድኃኒቱ ልጅ ከመውለድ ያግዳል? የመጨረሻው በስብሰባው ዕለት ጠዋት የተጻፈ ነበር፤ ምላጭ ሳይጨብጡ መቁረጥ ይቻላል?

ቀና ብላ በሩን አየችው። ቢሮው ሲታደስ መልከኛ ነው ብላ ራሷ የመረጠችው ክብ የናስ እጀታ፣ አጥብቀው ካልጨበጡት አይዞርም። ለካ ክፍት የሚተወው ከተዘጋበት መክፈት ስለማይችል ነው! የጽዳት ሠራተኛዋ አንዴ «ያ ልጅ ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆሞ ማንን ነው የሚጠብቀው?» ብላት ነበር። እሷ ስቃ አልፋዋለች።

በማግስቱ እጀታውን በገዛ እጇ ነቅላ ወደ ታች ሲጫኑት የሚከፍት ገጠመች። ለአለቃዋም ሁሉንም ተናዘዘች።

እሱ መሣሪያዎቹን ሊወስድ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የጣቶቹ አንጓዎች ቀልተው አብጠዋል። እስከ ዛሬ እንዴት አላየቻቸውም?

«ስትፈልግ የነበረውን ሁሉ አየሁት» አለችው። «ኮምፒውተሩ ላይ።»

«ታዲያ መልስ አገኘሽልኝ? እኔ ሁለት ወር ሙሉ ፈልጌ አጣሁ» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። የዚያኑ ቀን፣ ከስብሰባው በኋላ።»



«ጋሼ ይመለስ ብለዋል» አለች። «እኔም... እባክህ ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታውንማ አድርጌልሻለሁ፣ እሜቴ። መመለሱ ነው ያቃተኝ። አንቺን ባየሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል።»

ሳጥኑን ብብቱ ሥር አቀፈ። ልትከፍትለት ብድግ አለች።

«ተዪው» አላት።

አዲሱን እጀታ ትንሽ አስተዋለውና በክርኑ ተጫነው። በሩ ተከፈተ። ዞር ሲል የድሮው ፈገግታ ከንፈሩ ጥግ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ።

«ዛሬ ጅራቴን አልተውኩም» አለ።

ወጣና በሩን ዘጋው።