ነጭ ጠርዝ ያለው እንዳሁላ

አያቴ ማሚቱ ስትሞት ለእኔ የተረፈኝ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ የተተከለ አንድ ተክል ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ፣ ጠርዙ ነጭ። ስሙን ስጠይቃት «ምን ስም አለው፣ ተክል ነው» ትለኝ ነበር። የትውልድ አገሯን ስጠይቃትም ያው ነበረች፤ «ከወዲያ ነኝ» ብላ ዝም። ከልጅነቷ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የግራ ጆሮዋ ለምን እንደተቀደደ ስጠይቃት «ጥጃ ጉትቻዬን ጎትቶ ነው» አለችኝ።

ከሞተች በኋላ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተክሉን ውሃ ሳጠጣ ከኋላዬ ትቆማለች። አላያትም፤ ግን ትቆማለች። ለእናቴ ብነግራት «ጠበል ግቢ» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ነገር የምትፈልግ ይመስለኝ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ተክሉን ፎቶ አነሳሁና ፌስቡክ ላይ የተክል ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ቡድን ውስጥ ለጠፍኩት። «ይህን የምታውቁ?» አልኩ። አንዱ እሬት ነው አለ፤ የት አይቶ ነው እሬት የሚለው! ሌላዋ የፈረንጅ ነው አለች። አዴት የምትኖር ሠርክአዲስ የምትባል ሴት ብቻ «እንዳሁላ ይመስላል፤ ነጩ ጠርዝ ግን ግራ ገባኝ። አንድ ቅርንጫፍ ላኪልኝና ተክዬ ልየው» አለች።

በማግስቱ ባምላኩ የሚባል የቡሬ ሞባይል ጠጋኝ ፎቶ ላከልኝ። ያው ተክል ነው፤ ነጩ ጠርዝ እንኳ አልቀረም።

«ይኸው፣ አያቴ ግቢ ነው ያለው። ማን ሰርቆ ወሰደላችሁ?» አለኝ።

«ሌባው አንተ ትሆናለህ!»

በዚሁ ተጀመረ። እኔም እሱም አንዳንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን ለሠርክአዲስ ላክንላት።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ቡሬ መነኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ያንን ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል።

«ሰው አበባ ነው የሚይዘው» አልኩት።

«አላበበም እኮ፤ ምን ላድርግ?»

ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ትክ ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ያኔውኑ አለቀልኝ።

ዓመት ከምናምን ቆይቶ ሽማግሌ ላከ። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፤ ዘር ተቆጠረ። በአባቴ በኩል ጠራ። በእናቴ በኩል ማሚቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከዚያ ወዲያ አይታወቅም» አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እግዜር ያውቃል» ብለው መረቁን፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

ኅዳር ላይ ሠርክአዲስ ጻፈች። ሁለቱን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን አሳድጋቸዋለች። «ሁለቱም እንዳሁላ ናቸው» አለች። «ነጩ ጠርዝ ግን በዘር አይተላለፍም፤ ፍሬውን ብትዘሩት ተራው አረንጓዴ ነው የሚወጣው። ሰው ቆርጦ ካልተከለው አይገኝም። ሌላ ቦታም አይቼው አላውቅም። የእናንተ ከአንድ እናት የተቆረጠ ነው።» ቡድኑ በእልልታ ተሞላ። «ተክሉም ተጋባ!» አለ አንዱ።

እኔ ግን ስልኬን አስቀመጥኩት። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ማን ነው ቆርጦ የወሰደው?

በዚያው ሳምንት ቡሬ ሄድኩ። የባምላኩ አያት እማሆይ ወለተ ሐና ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። አብሬያቸው ቁጭ ብዬ መቀንጠስ ጀመርኩ።

«እማሆይ፣ ከዚህ ተክል ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አልሰጠሁም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የእህቴ የሸጋዬ ነው። አጥሩ ላይ ከነበረው እንዳሁላ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ጠርዟ ነጭ ሆና አገኘቻትና ለብቻ ተከለቻት። ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት ሲሉ ከዚያችው ቆርጣ፣ በነጠላዋ ቋጥራ ጠፋች። አባታችን ስሟ እንዳይነሳ አወገዘ፤ ልጆቼም አያውቋት።»

«ፈለጓት?»

«በየት በኩል፣ ልጄ! እስካሁን በሬን ሳልቀረቅር ነው የማድር። አመሻሽ ላይ አጥሩ ሥር ቆማ አያታለሁ። ሞታለች ብዬ ተዝካሯን እንዳላወጣ፣ በሕይወት ብትኖርስ? ግራ ጆሮዋን ጥጃ ቀዶባት ነበር፤ ያየ ሁሉ በዚያ ይለያት ነበር።»

በርበሬውን ትቼ ተነሣሁ።

ባምላኩን አጥሩ ጥግ ወስጄ ነገርኩት። «አያቶቻችን እህትማማች ናቸው» አልኩት።

«የምናውቀው እኔና አንቺ ነን» አለኝ ቆይቶ። «ማሚቱ የለች። ማን ይጠይቀናል?»

«እግዜርስ?»

«ያገናኘን ማን ሆነና!»

ተናደድኩበት። ግን «እሺ» አልኩ። እሺ ያልኩት ስለምወደው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልደረድርም።

ከዚያ ወዲያ ማሚቱ ከኋላዬ መቆሟን ትታ ፊት ለፊቴ መጣች። ፎቶ ቤት ሙሽሮች ላነሳ ካሜራው ውስጥ ሳይ፣ ከሙሽሪት ጎን ያ የተቀደደ ጆሮ ይታየኛል። ምግብ አስጠላኝ። እናቴ «የሠርግ ጭንቀት ነው» እያለች ለሰው ታወራለች።

ታኅሣሥ ላይ እማሆይ ሁለታችንንም አስጠሩን። መደብ ላይ ጋደም ብለዋል።

«ልጄ፣ አንች የዚህ ቤት እመቤት ልትሆኝ ነው» አሉኝ። «የኔ መሄጃ ደርሷል። አንድ አደራ አለኝ፤ በሩን እንዳትቀረቅሪ። ሸጋዬ ትመጣ ይሆናል።»

ባምላኩ አየኝ። በዓይኑ ዝም በይ ይለኛል፤ እንደዚያ ለምኖኝ አያውቅም። ዝም ማለት ፈልጌ ነበር። እናቴ ትሙት፣ ፈልጌ ነበር!

«እማሆይ፣ በሩን ይዝጉት» አልኩ። «ሸጋዬ አያቴ ናት። እኛ ማሚቱ ነበር የምንላት። ከዚህ የወሰደችውን እንዳሁላ እስክትሞት ውሃ ስታጠጣ ኖረች። ጆሮዋን በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

እማሆይ ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «የት ነበረች?»

«ፍኖተ ሰላም።»

«እዚችው ፍኖተ ሰላም? እኔ ስጠብቃት እዚችው ነበረች?» ቀጥለው «ተዝካሯ ወጣ?» አሉኝ።

«ወጣ፣ እማሆይ።»

«ወለደች?»

«እናቴን ወለደች።»

እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱት፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን። እያለቀሱ ይስቃሉ። ሠርጉም፣ ሰባት ቤቱም ለጊዜው ከሐሳባቸው ወጥቷል። እህታቸው ተገኝታለቻ!

ባምላኩ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩን ነክሷል።

«አንተ! ምን ይገትርሃል?» አሉት እማሆይ በደስታ። «የሸጋዬ ልጅ እኮ ናት! ና፣ እህትህን ሳም!»

መጣ። ሳመኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። መነኸሪያ ላይ ሲሸኘኝ የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ከንፈሬ ዳር ታርፍ ነበር። ያን ቀን ጉንጬ ላይ ቀረች።