ጨው ያልነካው ግማሽ

ሰዓት ሠሪው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጓሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከፊቱ የነበረችው ብርጭቆ ተኪላ የተባለ አረቄ፣ አዲስ የተጨመቀ ሎሚና ብርቱካን፣ በዚያ ላይም የተፈጨ የእንቅልፍ ኪኒን እንዳለባት ምርመራው አረጋገጠ። ኪኒኑ የሚስቱ ነው። ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ቤቷ ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ ሚስት «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብላ ቁጭ አለች።

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ተቆርሶ የቀረበላትን ነገር አትወድም፤ የእምነት ቃልም ቢሆን።

«እንዴት አድርገው ሠሩት?» አለቻት።

«መጭመቂያው ተሰብሯል። ቀትር ላይ ጓሮ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሎሚውን በእጄ ጨመቅሁ። የብርጭቆዋን አፍ ዙሪያውን ጨው አስነካሁ፤ ቀላቀልኩ፤ ሰጠሁት። በቃ!»

«በዚያ ፀሐይ?»

«ፀሐይ ምን ያደርገኛል?»

ወስፌ የሴትየዋን እጆች አየች። መርፌ ከወጋቸው ጣቶች በቀር ምንም የላቸውም። ጥግ ላይ የሟች ሴት ልጅ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጥፍሯ ስባ ተቀምጣለች።

«አንቺስ፣ እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ካውያ ነው።»

«ሁለቱንም? ጎበዝ ካውያ ነው!»

የሟች ወንድም መካኒክ ነው። ደጅ ላይ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ግራሶው ግን አይለቅም።

«ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአውቶብስ ሊሄድ ነበር፤ ሌላ ሴት ዘንድ። ጣቢያ ላደርሰው ብመጣ ወንበሩ ላይ ሞቶ አገኘሁት።»

«ቤተሰቡ ያውቅ ነበር?»

«ሻንጣው በር ላይ ተገትሮ ማን አያውቅም?»

«መጠጡን ማን ነበር የሚሠራለት?»

«ልጁ ናት እንጂ! ለደም ግፊቱ ብላ የብርጭቆውን ግማሽ አፍ ብቻ ነው ጨው የምታስነካለት። ‹ስስታሟ› ይላት ነበር።» ወዲያው የተናገረው ቆጨው፤ ቃሉን ሊመልስ አፉን በጨርቁ ያዘ።

ወስፌ ሻንጣውን ብድግ ብታደርገው ቀለላት። ባዶ ነው። መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ሸሚዞቹ ተመልሰው ተሰቅለዋል፤ ሻንጣ ውስጥ የታጠፉበት መስመር ገና አልለቀቀም። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ሟች የጠገናቸው ሰዓቶች ያለ ጌታቸው ይቆጥራሉ።

«እኔ ልጅ ሆኜ ፀሐይ ላይ ሎሚ ጨምቄ እሸጥ ነበር» አለች። «ሎሚ የነካውን እጅ ፀሐይ ሲያገኘው በማግስቱ ይቃጠላል፤ ጭማቂው በወረደበት እየወረደ ይጠቁራል። እርስዎ ቀትር ላይ ጨመቅሁ ይላሉ፤ እጅዎ ግን ንጹሕ ነው። የወንድምየውም ከግራሶው በቀር ደህና ነው። ‹ዙሪያውን ጨው አስነካሁ› አሉኝ፤ ብርጭቆዋን አይቻታለሁ፣ ጨው ያለው ግማሹ ላይ ብቻ ነው። እጅጌሽን ሰብስቢ እስቲ፣ እህቴ።»

«ተዪያት! እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!» እናትየው ተነሣች።

«እማ፣ በቃ።» ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከጣቶቿ መሐል እስከ ክንዷ ጥቁር መስመሮች ወርደዋል። «አውቶብሱ እንዲያመልጠው ብዬ ነው። ተኝቶ ቢውልልኝ... ሲነቃ እለምነዋለሁ ብዬ። ኪኒኑ ከመጠጥ ጋር እንደሚገድል አላወቅሁም።»

«ሊገድል የተነሣ ሰው ለደም ግፊት አይሳሳም» አለች ወስፌ። «ስለ ኪኒኑ እንደምጽፈው፣ ጨው ስላልነካው ግማሽም እጽፋለሁ። ዳኛው ሁለቱንም ያነባል።»

ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። «ባልሰጠውስ ኖሮ? ይሄድ ነበር?»



«ይሄድ ነበር፣ ልጄ» አለች እናትየው ቀድማ። ይህን ስትል ግን የምታየው መርማሪዋን ነበር፤ ዓይኗ ይለምናል። ወስፌ ገባት፤ ሸሚዞቹን ይህችም ሴት አይታቸዋለች፤ ሟች ሐሳቡን ቀይሮ በገዛ እጁ መልሶ እንደሰቀላቸው ታውቃለች።

በሥራ ዘመኗ አንድ ውሸት እንኳ አሳልፋ የማታውቅ ወስፌ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይሄድ ነበር» አለች።

ስትወጣ ባዶውን ሻንጣ ከበሩ ሥር አነሣችው፤ ልጅቷ እያየቻት ስለነበር፣ ከባድ ነገር እንደሚሸከም ሰው ወደ አንድ ጎኗ አዘንብላ ይዛው ሄደች።