ተነሺ

«ጂኦግራፊ ነው የምማረው!»

ሃሩን መጀመሪያ የሰማው ድምጿን ነው። መካኒሳ አቦ በሚሠራበት የኅትመት ሱቅ፣ ከትልቁ ፕሪንተር ጀርባ ተንበርክኮ ማሽኑ የነከሰውን ወረቀት ይጎትት ነበር። ብድግ ሲል ዓይኑ ልታሳትም ከመጣችው ተማሪ ከመርዋ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ወረቀቱን እዚያው ረሳው።

«እስቲ የካምፓላ ዋና ከተማ ማን ናት?» አለ ባለሱቁ ተካ ሊፈትናት።

«ካምፓላ ራሷ ዋና ከተማ ናታ ጋሼ!»

«እሺ፣ ተምረሽስ ምን ልትሆኚ? አስተማሪ?»

«ካርታ ሠሪ። ካርታ የማይፈልግ መሥሪያ ቤት አለ እንዴ?»

የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ወንዙ ዳር ሰፈር ነበር። ሃሩን ተወልዶ ያደገው እዚያው ነውና ቅዳሜ ቅዳሜ እየመራ አዞራት። እሷ በስልኳ ነጥብ ትይዛለች፣ እሱ ስም ይነግራታል፤ የእናቱን ቤት፣ የመሐሙድን ወፍጮ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፈውን ቅያስ ሁሉ።

«ይቺስ ድልድይ ማን ትባላለች?»

ስም አልነበራትም። «የመርዋ ድልድይ» አላት፣ ዓይኑን ውሃው ላይ ጥሎ።

 ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ድልድዩ ላይ አንዴ ከተቀመጠች መነሳት አትወድም። «ተነሺ በቃ፣ አባትሽ ይቆጡሻል» ሲላት እጇን ትዘረጋለታለች። ጎትቶ ያስነሳታል። ሌላ ጊዜ እጇን ነክቶ አያውቅም።

ተመረቀች። ካርታ የምትሠራበት ቢሮ ገባች።

«ኢዱ ሲያልፍ ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«ላክ» አለችው። እናቱ ይህን ሲሰሙ ግድግዳቸውን ቀለም አስቀቡ።

ኢድ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው መርዋ ፍላሽ ይዛ ሱቁ መጣች። ሃሩንን ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ረፍትህ አልነበር?»

«ተካ ስላመመው ገባሁ። ምንድን ነው የሚታተመው?»

መልስ ሳይጠብቅ ፍላሹን ተቀብሏት ሰካው።

ካርታው በዝግታ መውጣት ጀመረ። ወንዙ ወጣ። ወፍጮው በቀይ ወጣ። የእናቱ ቤት በቀይ ወጣ። «የመርዋ ድልድይ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍም ወጣ። ከሁሉ በኋላ፣ ከግርጌው፣ የቀዩ ቀለም ትርጉም በአንድ ቃል ተጽፎ ብቅ አለ። ድልድዩ ላይ ሊያስነሳት ሲል የሚላት ቃል ነው።

ተነሺ።

«የእናቴ ቤት ሊፈርስ ነው? ማን ነው ካርታውን የሠራው?»

«እኔ።»

«ስሞቹን እኔ ነኝ የነገርኩሽ።»

ካርታውን ከማሽኑ ላይ አነሳች።

«መርዋ፣ ‹ላክ› ስትዪኝ ታውቂ ነበር?»

ካርታውን ጠቀለለችው። ብብቷ ሥር ሸጎጠችውና ወጣች። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።