ጥሩር በጥሩር ላይ

ሐሩን ወሎ ሰፈር እነ ሰዲቅ ቤት ሊጫወት የመጣ ቀን፣ ጀግናውን ሁለት ጥሩር አልብሶት ነበር፤ ያን የጥንት የብረት ልብስ። ጨዋታውን ከውጭ ያመጣላቸው የሰዲቅ አጎት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በምናቡ አንድ ጀግና ይፈጥርና ዳይስ፣ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ እየጣለ ከዘንዶ ጋር ይፋለማል። የምታጫውታቸው የሰዲቅ እህት ሳጂዳ ናት፤ ደንቡን እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረምና።

«ሁለት ጥሩር አይደመርም» አለችው። «የሚበልጠው መከላከያ ብቻ ነው የሚያዝልህ።»

«ለምን? ብረት በብረት ላይ እኮ ነው!»

«ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸዋ። ጋሻ ብትይዝ ይደመርልህ ነበር። ከድንጋይ ጀርባ ብትከለል እሱም ይደመራል። አንተ ያንኑ ደጋግመህ ለበስክ!»

ጀግናውን ዘንዶው በላው። ሐሩን ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረበት ቅዳሜ የለም። ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም ይባል የለ? ዓይኑ ከዳይሱ ይልቅ እሷ ላይ እንደሚያርፍ ከሰዲቅ በስተቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሳጂዳም ብትሆን እሱ ካልመጣ ጨዋታውን ላለማስጀመር ሰበብ አታጣም።

በ1991 ዓ.ም. ሐሩን ሽማግሌ ላከ። የተላኩት የአባቱ ወዳጆች፣ አንዱ ካንዱ የሚብስ የናጠጡ ነጋዴዎች ነበሩ። የሳጂዳ አባት ሐጂ አብዱልሐሚድ ሰምተው ሰምተው፣ «ልጄን ልትሸምቱ ነው የመጣችሁ?» ብለው በቁጣ ሸኟቸው።

በማግስቱ ሐሩንና ሳጂዳ ኦሎምፒያ አንድ ኬክ ቤት ተገናኙ። ሐሩን ፊቱ ጠቁሯል።

«አባትሽ ጠሉኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ጥሩር በጥሩር ትደርባለህ? ሦስት ሀብታም ላክህ፤ አባዬ የሰማው ግን አንድ ነገር ነው። ቤታቸው ገንዘብ አለ! ስለ ዲንህ ማን ተናገረ? ስለ ጠባይህስ?»

ሐሩን ሳቁ አመለጠው። እሷ መሳቅ አልቻለችም። አባቷ ሁለተኛ እምቢ ካሉ ቃላቸውን እንደማያጥፉ ታውቃለች፤ እሱን ማጣት ደግሞ አትችልም።

ሁለተኛው ሽምግልና ሲመጣ ሳጂዳ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ሰማች። ከነጋዴዎቹ አንዱ ብቻ መጥተው ስለ ሐሩን ቤተሰብ ተናገሩ። የሰፈሩ ኢማም ስለ ሶላቱ መሰከሩ። ሐሩን የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት አቶ ግርማይ ደግሞ፣ «ሐጂ፣ ይህ ልጅ ያልጠገነውን ጠገንኩ ብሎ አያውቅም» አሉ።

ሐጂ አብዱልሐሚድ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«እናንተን ሰማሁ። እሷስ? ሳጂዳ! ነይ እስኪ።»

ወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዶቹን የሚያስጨንቀው ምላሷ ዛሬ የግድ አያስፈልጋትም ነበር። በቤታቸው የሴት ልጅ ዝምታ እሺታ ነው፤ አንገቷን ብትደፋ ይበቃት ነበር። እሷ ግን ቀና አለች።

«እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

ኢማሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ግርማይ ፈገግታቸውን ለመደበቅ አቀረቀሩ። አባቷ ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ወደ ቆሙት ሽማግሌዎች ዞሩ።

«ታዲያ ምን ያቆማችኋል?» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ! ምሳ ይቅረብ።»