ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በዝግታ

ቶማ ወደ ሱቄ የገባው ምሳዬን እየበላሁ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከሳህኔ አጠገብ ቁጭ አደረገ። ጋዜጣው ሲገለጥ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። የጎረስኩት አልወርድ አለኝ።

«ይኼ ምንድነው?»

«የመኪናዬ ፍሪሲዮን ዲስክ ነበር። በሁለት ወር ሦስተኛዬ ነው» አለኝ። «ያለሽን የመጨረሻ ጠንካራ ስጪኝ። አለት የሆነ!»

«መጀመሪያ ከምሳዬ ላይ አንሳልኝ!»

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ደነገጠ። «ውይ... ይቅርታ እህቴ! ምሳ መሆኑን አላየሁም» ብሎ ዲስኩን ደረቱ ላይ አቀፈው። ነጩ ሸሚዙ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ። ትልልቅ የዋህ ዓይኖች ነበሩት። ልቤ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብላኛለች፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው። እኔ ሜላት እባላለሁ። አባቴን ጌታ ከሰበሰበው በኋላ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ያለችውን የመለዋወጫ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብሎ የገባ ሁሉ ጭጭ ብሎ ይወጣል። ምላሴ ትንሽ ይረዝማል፣ አልክድም።

ቶማ የቦምቤ ልጅ ነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት መካኒክነት ያስተምራል። አንዲት አሮጌ ኮሮላ ገዝቶ፣ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ቱርቦ ያለው ሞተር በገዛ እጁ ገጥሞላታል። ሁለት መቶ ሰማንያ የፈረስ ጉልበት! ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ውድድር አለ። ቀጥ ያለ አራት መቶ ሜትር፣ ሁለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን። ከሐዋሳ ሳይቀር ተወዳዳሪ ይመጣል።

«በዓመት ስንት ቀን ትወዳደርበታለህ?» አልኩት።

«አንድ ቀን። ቢበዛ ሁለት።»

«ሌላውን ቀንስ?»

«ሥራ እሄድበታለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን... እናቴንም ከቦምቤ አመላልስበታለሁ።»

ሁለት ዲስክ አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለት።

«ይኼኛው ያልከው አለት ነው። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ሸራ ብረት አለበት። ወይ ይይዛል፣ ወይ ይለቃል፤ መሃል የሚባል ነገር አያውቅም። ቀስ ብለህ ልነሳ ስትል ይዘላል። እናትህ ቦምቤ ሳይደርሱ ጥርሳቸው ይረግፋል። ደግሞ ፍሪሲዮኑ ትንሽ እንኳ አልንሸራተትም ካለ ያ ሁሉ ጉልበት የት ይሂድ? ካምቢዮህን ይሰብረዋል።»

«ያኛውስ?»

«ይኼ ላንተ ይሆናል። ሸራው ይለሰልሳል፣ የሚጫነው ሰሃን ግን ጠንካራ ነው። ጉልበትህን ይችላል። አንድ አመል ብቻ አለው...»

«ምን?»

«መለማመድ ይፈልጋል። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በዝግታ! ቁም፣ ተነስ፣ ቁም፣ ተነስ። መሃል ላይ አንዴ ነዳጅ ረግጠህ ካስፈነጠርከው ፊቱ ይቃጠላል። ከዚያ ወዲያ አልይዝም ቢልህ እኔ የለሁበትም።»

«ስምንት መቶ? እኔ?» ብሎ ሳቀ። «እሺ፣ ቃሌ ነው።»

«አይ ወንድሜ! ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት። ስታቃጥሉት ‹ፎርጅድ ሸጥሽልኝ› ብላችሁ ትመጣላችሁ። አልሸጥልህም።»

ጥግ ላይ ዳንቴሏን የምትሠራው አክስቴ ዘነቡ ይኼኔ መነጽሯን አወለቀች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ሰብሳቢም ናት።

«እኔ እቆጣጠረዋለሁ» አለች። «ለቅቤ ቦዲቲ እሄዳለሁ፣ ለጎደሬ ቤሌ እሄዳለሁ። አውቶቡስ ወገቤን ጨርሶታል። ይኼ ልጅ ያድርሰኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።»

«አክስቴ፣ ቆጣሪውን ማን ያነብልሻል?»

«አንተ ታነባለሃ!» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ የምትናገረው ወላይትኛ ስለሆነ፣ አማርኛ ሲያጣድፋት እኔን አንተ ማለት ልማዷ ነው።

እንዲህ ተጀመረ። ያላገባች ልጅ ለብቻዋ ከወንድ ጋር መኪና ውስጥ ከታየች ወሬው ሽማግሌዎች ጆሮ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ስለዚህ አክስቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ያን ያህል ጉልበት ያለውን መኪና ፍየል የጫነ ባጃጅ ቀድሞት አለፈ! ተማሪዎቹ መንገድ ዳር ቆመው «መምህር፣ እንግፋልህ?» ይሉታል። ቶማ እጁን እያውለበለበ ይስቃል። አንድ ቀን እንኳ አልተናደደም።

እኔ ቆጣሪውን አያለሁ እላለሁ እንጂ የማየው መስታወቱን ነው። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ እሱ እኔን እያየ አገኘዋለሁ...

«ወንድም ቶማ፣ መንገዱን እይ» ትለዋለች አክስቴ።

«እያየሁ ነው እማማ ዘነቡ።»

«መንገዱ ከኋላ ነው እንዴ?»

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቤሌ ገበያ፣ አክስቴ ጎደሬ ስታማርጥ ሁለታችን መኪናው አጠገብ ቀረን። ቶማ ጎማውን በጫማው ይነካካል።

«ሜላት... ስምንት መቶው ሲያልቅ ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም። ቅዳሜን እንደ ልጅ መጠበቅ ጀምሬአለሁ።»

ፊቴ ጋለ። ግን መንገር ነበረብኝ።

«እኔ ታጭቼ ነበር፣ ቶማ። በምእመናን ፊት ተነግሮ ነበር። ሰርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ደርሼ እደውልልሻለሁ አለኝ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው።»

«አንድ ቀንም አልደወለም?»

«ለእናቱ ይደውላል።»

ጎማውን መነካካቱን ተወ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

እሺ ማለት ፈልጌ ነበር! አፌ ግን ሌላ ተናገረ። «ስምንት መቶው ይሙላ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ልይ።»

«ይሙላ» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ቆጣሪው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ነው ጉዱ የመጣው። ሐሙስ ቀን ነበር። እኔ ሱቅ ስለነበርኩ አክስቴን ብቻውን ቦዲቲ አድርሶ መለሳት። ገና መኪናው ሱቄ በር ላይ ሲቆም ሸተተኝ። ያ ሽታ! በሺህ ሽታ መሃል እለየዋለሁ።

«ቶማ... አስፈንጥረኸዋል?»

ቁልፉን በጣቱ ማሽከርከር ጀመረ።

«መልስልኝ እንጂ!»

«አዎ። አንድ ጊዜ።»

«ለምን?»

መሬት መሬቱን እያየ «ምክንያቱን ልነግርሽ አልችልም» አለ። አክስቴ ራሴን አመመኝ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሁለት መቶ እንኳ አልቀረህም ነበር!» አልኩት። «ስለ ሸራው አይደለም፣ ሸራው ገደል ይግባ! ያ ሰውዬ ምን እንዳደረገኝ ነግሬህ፣ አንተም ያው? ውጣልኝ፣ ቶማ።»

ወጣ። ራሱን አልተከላከለም፤ ይኼ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሳሁም። ደንበኛ የፍሬን ሸራ ሲጠይቀኝ ካንዴላ አነሳለሁ፤ ካንዴላ ሲጠይቀኝ ቆሜ እቀራለሁ። ቤት ስገባ አክስቴም ምግብ አትበላም። ታማለች ብዬ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «የኔ በሽታ ሐኪም አያድነውም» አለችኝ። በጣም ፈራሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ወደ ፊት ሄደች። እኔ ስለ ሕመሟ ልትናገር መሰለኝ።

«ወገኖቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ።»

«አሜን!»

«ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። መጠጥ አልቀመስኩም፣ ጭፈራ ቤት አላውቅም። ነገር ግን... ፍጥነት ፈተነኝ።»

መዘምራኑ እርስ በርስ ተያዩ።

«ወንድም ቶማን ‹ይኼ መኪና ዕድሜውን ሁሉ ኤሊ ነው ወይ? አንድ ጊዜ አሳየኝ› አልኩት። ‹እማማ አይሆንም፣ ለሜላት ቃል ገብቻለሁ› አለኝ። ለመንኩት፣ እንቢ አለ። አለቀስኩ! ‹ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ› አልኩት። በመጨረሻ ልጁ አንጀቱ ራራ። መጀመሪያ ግን ‹ለማንም እንዳትናገር፣ የጸሎት ሰብሳቢ ነኝ› ብዬ ቃል አስገባሁት። ከዚያ አስፈነጠረው... ወገኖቼ! ነጠላዬ ኋላ ወንበር ላይ ተገኘ!»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣቸው መዘምራኑ ናቸው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። መጋቢውም በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አክስቴ ግን እንባዋ ይወርዳል።

«አትሳቁ! ይኼ ልጅ የኔን ምስጢር ጠብቆ የሚወዳትን አጣ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ልጆቼም ይቅር በሉኝ።» ልትወርድ ስትል ዞር አለች። «ደግሞ... ደስ ብሎኝ ነበር። እሱንም ይቅር በሉኝ።»

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ቶማም ምስክርነቱን ከኋላ ሆኖ ሰምቶ ወጥቶ፣ ግቢው በር አጠገብ ብቻውን ቆሞ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እማማ ዘነቡን በሰው ፊት ላዋርዳቸው? እንዴት ብዬ?» አለ። «ማስፈንጠሬ ጥፋት ነው፣ እሱን አልክድም። ሲያለቅሱ አልቻልኩም። ግን ሜላት... አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ ሰውዬ ለሠራው የቀጣሽው እኔን ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እንኳ ‹ምን ሆነህ ነው?› አላልሽኝም። ከፋኝ።»

ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ያ ሱቅ ውስጥ ስንቱን የሚያስጨንቅ ምላስ! ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

«እውነትህን ነው» አልኩት። «ፈርቼ ነው። አንተን ማባረር፣ አንተ ትተኸኝ እስክትሄድ ከመጠበቅ ይሻላል መስሎኝ ነው። ይቅር በለኝ፣ ቶማዬ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ይቅር በለኝ።»

«ከእሱ ቀጥሎ ያለውን።»

«ምንም አላልኩም!»

ሳቀ። እኔም በእንባዬ መሃል ሳቅኩ።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። ዲስኩን ልቀይርልህ ስለው «በስድስት ቀን ስምንት መቶ ከየት ይመጣል?» አለ። ይያዝ አይያዝ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እንዲያው እውነቱን ነገርኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፈ። በመጨረሻው ከአንድ የሐዋሳ መኪና ጋር ተፋጥጦ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ ፍሪሲዮኑ ተንሸራተተ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልሄደም። ሐዋሳው ጥሎት አለፈ። አክስቴ መንገድ ዳር «የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ጥፋት ነው!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ቶማ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ እሷን አቀፋት። «እማማ፣ ሁለተኛ መውጣት ውርደት ነው እንዴ?» አላት።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፣ ተናጋሪው ጋሽ ደገፉ ናቸው። የእኛ ሀገር ወግ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ የሴት ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል። ልጅቷ ደግሞ ጓዳ ነው የምትሆነው፣ ድምፅዋም አይሰማም።

እኔም ጓዳ ነበርኩ። በመስኮቱ ሳይ ቶማ በራችን ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ይጠብቃል እንጂ ደጅ አይቆምም፤ እሱ ግን አላስቻለውም። ጥፍሩን ይበላል።

«...እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን...» ይላሉ ጋሽ ደገፉ። አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ እንመካከርና...»

ፈራሁ፤ አልዋሽም። በሰው ፊት እሺ ማለት ምን እንደሚያስከትል አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ «ያቺ የተተወችው» ሲባል ሰምቻለሁ። ዳግመኛ ስሜ ከአንድ ወንድ ስም ጋር ይነሳል፣ ዳግመኛ መሳቂያ ልሆን እችላለሁ። ማንም ዋስ የሚሆነኝ የለም። እግሬ ግን ተነሳ።

መጋረጃውን ገልጬ ሳሎን መሃል ቆምኩ።

«እሺ ብያለሁ» አልኩ።

ጋሽ ደገፉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ልጄ... ገና ጥያቄውን አልጨረስንም እኮ!»

«ይጨርሱት ጋሽ ደገፉ። መልሴ እሺ ነው።»

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ቶማ ሲያየኝ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ምን አሉ? ተመለሱ አሏቸው?»

«ሊሏቸው ነበር።»

«እና?»

«እኔ እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያልኩት፣ ቶማዬ።»

ሁለት እጁን ዘርግቶ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት እቅፍ አደረገኝ። አክስቴ በረንዳው ላይ ብቅ ብላ «ኧረ ገና በምእመናን ፊት አልተነገረም! ልቀቃት፣ ሰው ያያል!» ብላ ጮኸች።

አልለቀቀኝም።